በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ትክክለኛዎቹን የአቦርጂናል መማሪያ መጻሕፍት እንዴት እንለያለን?

የመጻሕፍት ክፍል፣ ምዕራብ ሜልበርን

ጤና ይስጥልኝ። ከማሪቢርኖንግ ወንዝ ብዙም በማይርቅ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነኝ። ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ የኢትዮጵያውያን፣ የሶማሌዎችና የቬትናሞች ልጆች ሲሆኑ ጥቂት የኩሪ ልጆችም አሉን፤ ኩሪ በዚህ በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ የሚኖሩ አቦርጂናል፣ ማለትም የአገሩ ነባር ሕዝቦች ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ነው። የአውስትራሊያ ሥርዓተ ትምህርት የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ሕዝቦች ታሪክና ባህል በየትምህርቱ ውስጥ እንዲገባ ስለሚያዝ፣ ርእሰ መምህራችን ያረጀውን መደርደሪያ እንዳድስ ጥቂት በጀት ፈቅደውልኛል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ መደርደሪያውን አራግፌ ሠላሳ አራቱንም መጻሕፍት ወለሉ ላይ ደረደርኳቸው። ከመካከላቸው ጀርባው የተላጠ አንድ የተረት መጽሐፍ አለ። ሽፋኑ ላይ “እንደገና የተረከው” ተብሎ የአንድ ሰው ስም ተጽፏል፤ ተረቱን መጀመሪያ ማን እንደነገረው፣ የየትኛው ሕዝብ እንደሆነ፣ በምን ቋንቋ እንደተነገረ ግን ከፊት እስከ ኋላ አንድም መስመር አላገኘሁም። መግቢያው ስለ ሕዝቡ የሚናገረው ሁሉ “ነበሩ”፣ “ይኖሩ ነበር” በሚል ያለቀ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት የሦስተኛ ክፍል የኩሪ ተማሪ ይህንኑ ገጽ ከፍታ ይዛ መጥታ “እኔ እኮ አለሁ” ብላኛለች። ያን ቀን መጽሐፉን ከእጇ ተቀብዬ ወደ ቦታው መመለሴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከመጻሕፍቱ ሌላ፣ መምህራን ከኢንተርኔት አውርደው ያባዟቸው የሥራ ወረቀቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ልጆች ቡሜራንግ በተባለው ጠማማ የመወርወሪያ እንጨት ሥዕል ውስጥ ነጠብጣብ እንዲሞሉ ከማዘዝ አያልፉም።

የምለምናችሁ እንዲህ ነው፦ አንድ መጽሐፍ በእውነት ከሕዝቡ የወጣ መሆኑን በምን ታረጋግጣላችሁ? ስጠራጠር ማንን ልጠይቅ? እነዚህን አሮጌዎቹንስ ምን ላድርጋቸው?

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ ካንቤራ

እህታችን፣ “እንደገና የተረከው” በሚለው ላይ ማተኮርዎ መልካም ነው፤ የነገሩ ሥር እዚያው ስለሆነ የዴቪድ ዩናይፖንን ታሪክ ላጫውትዎ። በ50 ዶላር ኖት ላይ ምስሉ የታተመው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 በደቡብ አውስትራሊያ ፖይንት ማክሊ በተባለ የሚሲዮን ጣቢያ የተወለደ የንጋሪንጄሪ ሕዝብ ልጅ ሲሆን፣ ሰባኪም፣ የፈጠራ ሰውም፣ ደራሲም ነበር። በ1920ዎቹ የሰበሰባቸውንና ራሱ በእንግሊዝኛ የጻፋቸውን ትረካዎች አሳታሚው ዊልያም ራምዚ ስሚዝ ለተባለ ነጭ ሐኪም አሳልፎ ሸጠለት። ሐኪሙም በ1930 ለንደን ላይ በራሱ ስም አሳተማቸው፤ የዩናይፖን ስም እንደ ደራሲ አልተጠቀሰም። ትረካዎቹ በባለቤታቸው ስም የታተሙት በ2001 ነው፤ ዩናይፖን ከሞተ ሠላሳ አራት ዓመት አልፎት ነበር። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ያሉት የድሮ የ“አፈ ታሪክ” መድበሎች ተናጋሪያቸው ስም የለሽ የሆነው ተናጋሪ ስላልነበራቸው አይደለም።

እኔ መጽሐፍ ሲመጣልኝ ከሽፋኑ በፊት የመብት ገጹን እከፍታለሁ። የባለቤትነት መብቱ የማን ነው? የደራሲው ወይም የሠዓሊው ሕዝብ በስሙ ተጠርቷል? “አቦርጂናል ደራሲ” ብሎ ማለፍ “አፍሪካዊ ደራሲ” እንደ ማለት ነው፤ ቅኝ ገዢዎች በ1788 ሲመጡ ከ250 በላይ ቋንቋዎች ይነገሩ በነበረበት አገር፣ የሜልበርኖቹ ዉሩንጀሪና የሰሜኖቹ ዮልንጉ አንድ ሕዝብ አይደሉም። ቀጥሎ ትረካው የማኅበረሰብ ከሆነ ማን እንደፈቀደ አያለሁ። በደንብ የተሠራ መጽሐፍ ፈቃዱን የሰጡትን ሽማግሌዎች ወይም ድርጅቱን ያመሰግናል።

ከአሳታሚዎች በብሩም ከተማ የሚገኘው ማጋባላ ቡክስ በአቦርጂናል ሕዝቦች ባለቤትነት የሚተዳደር ነው። እዚህ ካንቤራ ያለው የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ጥናት ተቋም፣ በአጭሩ አያትሲስ፣ የራሱ ማተሚያ ክፍል ሲኖረው፣ መምህራን መርጃዎችን የሚገመግሙበት መመሪያም አዘጋጅቷል። ከሁሉ በፊት ያንን መመሪያ ያንብቡት። አሊስ ስፕሪንግስ ያለው አይ ኤ ዲ ፕሬስና የባችለር ተቋም ማተሚያ ክፍልም በቋንቋዎቹ የተጻፉ መጻሕፍት አሏቸው።

ይሁን እንጂ የአሳታሚው ስም ብቻውን ዋስትና እንዳይመስልዎ። በ1994 ራሱ ማጋባላ፣ ዋንዳ ኩልማትሪ የተባለች አቦርጂናል ሴት የጻፈችው ነው ተብሎ የቀረበለትን የሕይወት ታሪክ አሳትሞ መጽሐፉ ሽልማት አግኝቶ ነበር። በ1997 ጸሐፊው ሊዮን ካርመን የተባለ ነጭ ወንድ ሆኖ ተገኘ። አሳታሚው የተታለለው ደራሲዋን በአካል ሳያገኝ ነው። እኔ ከዚህ የተማርኩት፣ ደራሲው ከየት እንደሆነ፣ ወገኖቹስ ያውቁት እንደሆነ መጠየቅ ክፋት ሳይሆን ሕዝቡ ራሱ የሚያደርገው ነገር መሆኑን ነው፤ “አገርህ የት ነው? ቤተ ሰቦችህ እነማን ናቸው?” ተባብለው ይተዋወቃሉ፤ እኛስ “የማን ልጅ ነህ?” እንል የለ?

ለታሪክ መጻሕፍት ደግሞ ፈጣን መፈተኛ አለኝ። ስለ 1967ቱ ሕዝበ ውሳኔ የሚለውን ገጽ አውጡ። “አቦርጂናል ሕዝቦች የመምረጥ መብት ያገኙበት” የሚል ከሆነ ጸሐፊው አልመረመረም። በፌዴራል ምርጫ የመሳተፍ መብት በሕግ የተረጋገጠው በ1962 ነው፤ የ1967ቱ ውሳኔ የፌዴራሉ ፓርላማ ለአቦርጂናል ሕዝቦች ሕግ እንዲያወጣ የፈቀደና በሕዝብ ቁጥር ስሌት እንዳይካተቱ ያደርግ የነበረውን አንቀጽ የሰረዘ ነው። ከመቶ ዘጠናው ድምፅ ሰጪ ደግፎታል።

አባት፣ ሰንሻይን

ሁለት ልጆች የማስተምር ወላጅ እንጂ የመጽሐፍ ባለሙያ አይደለሁም። በቅን ልብ የምጠይቀው ነገር አለ። የትምህርት ቤቶቻችን በጀት አነስተኛ ነው፤ ልጆቻችን ገና እንግሊዝኛውን እየተለማመዱ ነው። ይህን ያህል ማጣራት ካስፈለገ መምህራኑ ፈርተው ጉዳዩን ጭራሽ እንዳይተዉት እሰጋለሁ። ደግሞስ ነጭ ሰው ስለጻፈው ብቻ መጽሐፉ ውሸት ይሆናል?

ሌላም አለ። የልጄ የቤት ሥራ “ድሪምታይም” የሚል ቃል ነበረበትና ለእናቴ “የሕልም ዘመን” ብዬ ተረጎምኩላቸው። እናቴም “ታዲያ ሕልም ከሆነ ምኑን ያጠኑታል?” አሉኝ። መልስ አጣሁ።

መምህር፣ አሊስ ስፕሪንግስ

ወንድሜ፣ የእናትዎ ጥያቄ ትክክል ነው፤ ስህተቱ ከቃሉ ነው። “ድሪምታይም” በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነጮች ከዚሁ ከማዕከላዊ አውስትራሊያ የአረርንተ ቋንቋ ለመተርጎም ሲሞክሩ ያወጡት ስያሜ ነው። በኡሉሩ ዙሪያ የሚኖሩት አናንጉ ሕዝቦች የራሳቸውን “ቹኩርፓ” ይሉታል፤ ፍጥረትንም፣ ሕግንም፣ ሰው ከምድሩና ከዘመዱ ጋር ያለውን ግዴታም በአንድነት የሚይዝ ቃል ነው። ያለፈ ዘመንም አይደለም፤ ዛሬም የሚሠራ ነው። ለእናትዎ “ሕጋቸውና እምነታቸው ነው” ቢሏቸው ከ“ሕልም” ይሻላል። ጥሩ መጽሐፍም የሕዝቡን ቃል እንዳለ አስቀምጦ ያብራራዋል እንጂ አይተካውም።

ስለ ነጠብጣቡ ወረቀት መናገር ያለብኝ ይመስለኛል። ነጠብጣብ የበዛበት አሣሣል የሁሉም አቦርጂናል ሕዝቦች አይደለም። ዓለም ያወቀው በ1971 ከዚህ በስተ ምዕራብ ባለችው በፓፑንያ ከተጀመረው የሥዕል እንቅስቃሴ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተሠሩት ሥዕሎች ውስጥ ያልተፈቀደለት ሰው ሊያያቸው የማይገቡ ምልክቶችን የያዙ ስለነበሩ ዛሬም ለሕዝብ የማይታዩ አሉ። ሠዓሊዎቹ ከወገኖቻቸው ተቃውሞ ሲመጣባቸው ምስጢሩን እየቀነሱ፣ በነጠብጣብ እየሸፈኑ ሄዱ። እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አይጠበቅብንም። ታቦት በመንበሩ ላይ እንዳለ ምእመኑ ሁሉ ያውቃል፤ ለጥምቀት ሲወጣም ተሸፍኖ ነው፤ ገልጬ ልየው የሚል የለም። የታቦትን ቅርጽ ቆርጠው ለሕፃናት ቀለም እንዲቀቡት የሚያድል ትምህርት ቤት ቢኖር ምን እንደምንል አስቡት።

የነጭ ደራሲን በተመለከተ፣ ዘሩ አይደለም ጥያቄው። ከሽማግሌዎች ጋር ዓመታት ተቀምጠው፣ ስማቸውን ከስማቸው ጋር አስፍረው፣ ገቢውን ተካፍለው የሠሩ አሉ። ማንም ሳይጠይቅ የሌላውን ሕዝብ ቅዱስ ታሪክ ቀለል አድርጎ የጻፈ ደግሞ አለ። ሁለቱን አንድ አናድርጋቸው።

በጀት ላነሰው አንድ ነገር ልጠቁም። ቻርልስ ዳርዊን ዩኒቨርሲቲ በኖርዘርን ቴሪቶሪ በነበሩት የሁለት ቋንቋ ትምህርት ቤቶች ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተዘጋጁትን መጻሕፍት ሰብስቦ በኢንተርኔት አስቀምጧል። የአቦርጂናል ቋንቋዎች ሕያው መዝገብ ይባላል። በየመንደሩ ያሉ አዋቂዎች የተናገሯቸው፣ የየቦታው ሠዓሊዎች የሣሏቸው ናቸው። ያለ ክፍያ ይነበባሉ፤ የእያንዳንዱን የአጠቃቀም ፈቃድ ግን ማየት ያስፈልጋል፤ ማንበብና አባዝቶ ማደል አንድ አይደለም።

መምህርት፣ ፐርዝ

በአጭሩ እጨምራለሁ። እኛ ዘንድ ከሁሉ የጠቀመን ከቅርብ መጀመራችን ነው። ትምህርት ቤታችን ያለው በኑንጋር አገር ስለሆነ ከስድስቱ የኑንጋር ወቅቶች ተነሣን፤ ቢራክ፣ ቡኑሩ፣ ጀራን፣ ማኩሩ፣ ጂልባ፣ ካምባራንግ ይባላሉ። የአውስትራሊያ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ከየሕዝቡ ጋር ሆኖ ያዘጋጃቸው የወቅት መቁጠሪያዎች በድረ ገጹ አሉት። ልጆቹ መስኮት ከፍተው የትኛው አበባ እንደፈነዳ እያዩ ከመቁጠሪያው ጋር ያመሳክራሉ። ዓመቱን በአራት የሚከፍለው የአውሮፓ መቁጠሪያ እዚህ እንደማይሠራ ማንም ሳይነግራቸው ደረሱበት።

ማስጠንቀቂያም አለኝ። አሁን አሁን በኮምፒዩተር በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈለፈሉ “የአቦርጂናል ሥዕሎች” በሥራ ወረቀቶች ላይ እየበዙ ነው። የሠዓሊ ስምና ሕዝብ የሌለበትን ሥዕል እኔ አልጠቀምም። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በ2019 የፌዴራል ፍርድ ቤት ኢንዶኔዥያ ውስጥ የተሠሩ ዕቃዎችን አቦርጂናል ሠዓሊዎች በእጃቸው የሣሏቸው አስመስሎ የሸጠ አንድ ኩባንያ 2.3 ሚሊዮን ዶላር እንዲቀጣ ፈርዷል።

የመጻሕፍት ክፍል፣ ምዕራብ ሜልበርን

ስድስት ሳምንት ዘገየሁ፤ ይቅርታ። ዝም ያልኩት የመከራችሁኝን ስሠራ ስለነበር ነው።

በመጀመሪያ ትምህርት ቤታችን የቆመበት መሬት የማን አገር እንደሆነ በትክክል አጣራሁ። ይህን ማድረጌ በጀ፤ ምክንያቱም የቪክቶሪያ አቦርጂናል ቅርስ ምክር ቤት በ2021 በዉሩንጀሪና በቡኑሮንግ ሕዝቦች መካከል ያለውን ወሰን ደንግጓል። በውሳኔው መሠረት የሜልበርን መሃል ከተማ በዉሩንጀሪ በኩል፣ ሴንት ኪልዳ በቡኑሮንግ በኩል ሆኗል። በግድግዳችን ላይ ያለው ጽሑፍ የተሰቀለው ከዚያ በፊት ስለነበር እንደገና እንዲታይ ለርእሰ መምህሯ አመለከትኩ።

ቀጥሎ፣ በየአካባቢው የኩሪ ተማሪዎችንና ትምህርት ቤቶችን የሚያገናኙ የመንግሥት የኩሪ ትምህርት ባለሙያዎች አሉ፤ የእኛን ባለሙያ ደወልኩላቸው። ስምንት ዓመት በሠራሁበት ቤት ስልካቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ መደወሌ ነበር። በሳምንቱ መጡ፤ አንዲት ሽማግሌም ይዘው መጡ። እዚህ ሽማግሌዎችን “አንቲ”፣ “አንክል” ብለው ነው የሚጠሯቸው፤ እኛ “እትዬ”፣ “ጋሼ” እንደምንለው። ልጆቹ “አንቲ” ሲሏቸው ለእኛ ተማሪዎች ምንም አልከበዳቸውም። የእርሳቸውን የአበል ክፍያ ከመጽሐፍ በጀቱ ቀንሰን ከፈልን። ሁለት መጽሐፍ ቀረብን ማለት ነው፤ ግን እርሳቸው በአንድ ከሰዓት የነገሩኝን የትኛውም ሁለት መጽሐፍ አይሰጠኝም ነበር።

ልንገራችሁ። አንቲ ከመደርደሪያው የቡንጂልን መጽሐፍ አወጡ። ቡንጂል፣ ዉሩንጀሪና ቡኑሮንግ በሚመደቡባቸው በኩሊን ሕዝቦች ዘንድ ምድርንና ሰዎችን የፈጠረው፣ በንስር አምሳል የሚታወቀው ነው። ገለጥ ገለጥ አደረጉና “ይህ ጥሩ ነው፣ የጻፉትን ሰዎች አውቃቸዋለሁ” አሉ። ከዚያ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር አዩ፤ 398.2፣ የተረት ክፍል። በግራው ስለ ግዙፍ ሰዎች የሚያወራ መጽሐፍ፣ በቀኙ ሲንደሬላ ነበሩ። ወደኔ ዞረው፣ ሳይቆጡ፣ “መጽሐፍ ቅዱስን የት ነው የምታስቀምጪው?” አሉኝ። በሃይማኖት ክፍል፣ በ220 ላይ ነው። እኔ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ ጥያቄው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። የተገዛው የካታሎግ መረጃ ቁጥሩን ይዞ ስለሚመጣ ማንም ቆም ብሎ አያየውም፤ እኔም ለዓመታት አላየሁትም። አሁን የፍጥረትና የሕግ ትረካዎቹን ወደ 200ዎቹ አዛውሬያለሁ። በየካርዱ ላይም የሕዝቡን ስምና አያትሲስ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የሰጠውን መለያ ኮድ ጨምሬያለሁ፤ አንድ ልጅ “ዎይዉሩንግ” ብሎ በዉሩንጀሪ ቋንቋ ስም ቢፈልግ ያገኛል።

ስለ ነጠብጣቡ ወረቀትም ጠየቅኋቸው። የዚህ የደቡብ ምሥራቁ ጥበብ በመስመር የሚሠራ እንደሆነ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ እየሣሉ አሳዩኝ፤ ጋሻ ላይ የሚቀረጹት፣ ፖሰም በተባለው የዛፍ ላይ እንስሳ ቆዳ በሚሠራ ካባ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚጫሩት ሁሉ መስመሮች ናቸው። ከሂልስቪል አጠገብ በምትገኘው በኮራንደርክ ይኖር የነበረው የዉሩንጀሪው መሪ ዊልያም ባራክ ካባ የለበሱ ሰዎችን በከሰልና በቀይ አፈር ሲሥል የካባዎቹን መስመሮች አንድ በአንድ ነበር የሚያሰፍራቸው። በ2022 የዉሩንጀሪ ሕዝቦች ከሥዕሎቹ አንዱንና ራሱ የቀረጸውን ጋሻ ኒው ዮርክ ላይ ከጨረታ ገዝተው ወደ አገሩ መልሰዋል። የአራተኛ ክፍል መምህራችን ወረቀቱን ጥላ ይህን ታሪክ ታስተምራለች፤ ልጆቹ የባራክን ምልክት አይገለብጡም፣ የራሳቸውን ቤተ ሰብ ታሪክ በራሳቸው መስመር ይሥላሉ።

የሰንሻይኑ ወንድሜ፣ ፍርሃትን ያነሡት እውነት ነው። እኔም ስህተት ሠርቻለሁ። “ዎሚንጄካ” የሚለውን የእንኳን ደህና መጣችሁ ቃል ማንንም ሳልጠይቅ በሩ ላይ ለጥፌ ነበር። የኩሪ ባለሙያዋ አይተው መጠየቅ እንደነበረብኝ በእርጋታ ነገሩኝ፤ ጠየቅሁ፤ ተፈቀደ፤ አጻጻፉም ተስተካከለ። ያለቀው በአሥር ደቂቃ ነው። የሚያስፈራው ያልጠየቁት ጊዜ ነው።

ከሠላሳ አራቱ ሃያ ሁለቱን አስወገድኩ፤ ስምንቱ ቀሩ። አራቱን፣ ያንን ጀርባው የተላጠውን ጨምሮ፣ ለስድስተኛ ክፍል በሣጥን አስቀምጫለሁ፤ የዩናይፖንን ታሪክ ካነበቡ በኋላ “ይህን የነገረው ማን ነው? ስሙስ የት ሄደ?” ብለው እንዲመረምሯቸው። ያቺ ተማሪ አሁን አራተኛ ክፍል ናት። አዲሶቹ መጻሕፍት በመጡ ዕለት ካርቶኑን አብራኝ ከፍታለች፤ ከሕዝቧ የሆነውን ለይታ ማኅተሙን ራሷ መታችበት።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ ካንቤራ

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ስለ 398.2 የጻፉት እኔንም መደርደሪያዬን እንድፈትሽ አስገድዶኛል። በካርዶቹ ላይ የሕዝቡን ስም፣ ፈቃዱንና፣ የሟችን ስም መስማት ወይም ምስል ማየት ለሚከብዳቸው ማኅበረሰቦች የሚጻፈውን “የሟቾች ስምና ምስል ሊኖር ይችላል” የሚለውን ማስጠንቀቂያ እንዴት እንዳሰፈሩ ናሙናውን እዚህ ቢለጥፉልን ብዙዎቻችን እንጠቀምበት ነበር።

የመጻሕፍት ክፍል፣ ምዕራብ ሜልበርን

ደስ ይለኛል። ሆኖም የማብራሪያዎቹ ግማሽ አንቲ በቃላቸው የነገሩኝ ነው፤ የጻፍኩትም ለእኛ ቤተ መጻሕፍት ብለው ፈቅደውልኝ ነው። ሐሙስ ይመጣሉ። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንዲሄድ ይወዱ እንደሆነ፣ ስማቸውም እንዴት እንዲጻፍ እንደሚፈልጉ እጠይቃቸውና መልሳቸውን ይዤ እመለሳለሁ።